ጅራቱን ብቻ ቀየርኩት

ስልኩ ፎቶ አልከፍት ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ መስታወቱን በሸሚዙ ይጠርገዋል። ቀጥሎ ስልኩን ይነቀንቃል። በመጨረሻ ወደ እኔ ያዞረውና «ቅድም ይከፍት ነበር እኮ» ይለኛል፤ የዘጋሁበት እኔ ይመስል።

ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ በኢንተርኔት ፎርም እሞላለሁ። ድሮ ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ፎቶ ሊነሳ ነበር። አሁን ተነስቶ ነው የሚመጣው። ፎቶው ስልኩ ውስጥ አለ። ችግሩ፣ ያለው ፎቶ የሚፈለገው ዓይነት አይደለም።

ይኸን ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደደከምኩ አትጠይቁኝ። ፎቶ ስልክ ውስጥ ሲቀመጥ ዓይነት አለው። ጄፔግ የሚባል አለ፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ፒኤንጂ የሚባል አለ። ዌብፒ የሚባል አለ፤ ከኢንተርኔት ሲወርድ የሚመጣ ነው፤ የሚፈልገው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሄይክ የሚባል ደግሞ አለ፤ በውድ ስልክ የተነሳ ፎቶ ነው፤ እንደ እኔ ባለ ርካሽ ኮምፒውተር አይከፈትም። ምስሉ ያው ምስል ነው። አፍንጫው ያው አፍንጫ ነው። መሥሪያ ቤቱ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የሚቀበለውም ሁልጊዜ ሰውየው ያልያዘውን ነው።

ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው እቀይራለሁ። ከፎቶ ማንሻዬ ይልቅ እንጀራ የሆነኝ ይኸ ነው።

ባለፈው አንድ የመዘዞ በግ ነጋዴ መጣ። በጎቹን በቴሌግራም ሊሸጥ ፈልጎ፣ ፎቶው አልሄድ ብሎታል። አየሁት፤ ዌብፒ ነው። በጉ ደግሞ የፈረንጅ በግ ነው። ሱፉ መሬት ይነካል። የራስህን በግ ለምን አታነሳም አልኩት። «የእኔማ እንዲህ አይወፍርም» አለኝ። ሳቅሁና ቀየርኩለት። ምን አገባኝ?

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ቄስ ከጎረቤላ በኩል መጡ። የቤተ ክርስቲያናቸው አሮጌ የግድግዳ ሥዕል በዝናብ እየፈረሰ ነው። በስልክ ተነስቷል፤ ከእድሳት ማመልከቻ ጋር መላክ አለበት፤ አልላክ አለ። አባቴ፣ መቀየር አለበት አልኳቸው። ደነገጡ። ቅዱስ ሥዕል እንዴት ይቀየራል አሉኝ። ሥዕሉን አልነካውም፣ ውስጡ ያው ነው ብዬ ማልኩ። «እንግዲያው የምትቀይረው ምኑን ነው?» አሉኝ።

እዚህ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ ይኸን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ግድ የለውም። ገባ? ገባ። አለቀ።

እንደምንም አስረዳኋቸው። ብራና ላይ ያለ ጽሑፍ አንድ በአንድ ተነብቦ ወረቀት ላይ እንደሚገለበጥ ማለት ነው አልኳቸው። ኮምፒውተሩም እያንዳንዷን ነጥብ ያነባል፤ ከዚያ በሌላው ዓይነት አጻጻፍ እንደገና ይጽፋታል። ገባቸው። «ገልባጭ ግን ካልተጠነቀቀ ይስታል» አሉኝና ሄዱ።

ትክክለኛው አሠራር ይኸ ነው። ሌላም አሠራር አለ።

እያንዳንዱ ፋይል ስም አለው። ከስሙ በኋላ ነጥብ፣ ከነጥቡ በኋላ ጅራት። ጅራቷ ሦስት አራት ፊደል ናት፤ ዓይነቱን የምትናገር። እኛ ምን እናደርጋለን? ጅራቷን እናጠፋና የፈለግነውን ጅራት እንጽፋለን። አለቀ። ውስጡ አልተነበበም፣ አልተገለበጠም፣ አልተነካም። ስሙ ብቻ ጄፔግ ሆነ። ፒኤንጂውን እንዲህ ብታደርጉት ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ኮምፒውተር አንዳንዴ ቸር ነው፤ ጅራቱን ትቶ ውስጡን አይቶ ይከፍትላችኋል። ስለሠራም ለመድነው። መናኸሪያው አካባቢ ያለን ሱቆች በሙሉ ለመድነው። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ አይደለሁም። ለነገሩ የምትጠይቁት ሁሉ እንዲህ ነው የሚላችሁ።

እትዬ ዝናሽ የመጡት ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ነው። ከምዕራብ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። ከተማው ዳር ባለው መጠለያ፣ ሸራ ውስጥ ይኖራሉ። በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘዋል። የልጃቸው የሰላማዊት የትምህርት ማስረጃ ነው። ሲሸሹ ከቤት ይዘው የወጡት እሱን ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። «ድስት እንኳ አላወጣሁም» አሉ፤ እያፈሩ። ለምን እንዳፈሩ አልገባኝም።

ሰላማዊት አሥራ ሁለተኛን እዚያው ጨርሳ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥራለች። አሁን እዚሁ ከተማ ያለ አንድ የጤና ሙያ ማሠልጠኛ ተማሪ ይፈልጋል። ፈተናውን ያለፈ ሁለት ዓመት ይማራል፤ ምግብና መኝታ አለው፤ ሲጨርስ ሥራ አለው። ግን አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ ሁለት ዓመት ያለፈው አይመዘገብም። ሰላማዊት ሁለቱ ዓመት ሊሞላት ነው። «ይኸ ካመለጣት ሰው ቤት መቅረቷ ነው» አሉኝ እናቷ። አልለመኑኝም።

ደወልኩላት። ጉርድ የሚሆን ፎቶ ላኪ አልኳት። «ጋሼ፣ እመቤቴ በስልኳ ታነሳኛለች» አለችኝ በሹክሹክታ። እዚህ ላይ አዋቂነቴ መጣ። ዝም ብለሽ እንዳትልኪው፣ ጥራቱ ይሞታል፣ በፋይል መልክ ላኪው አልኳት። ዝም ብላ ብትልከው ቴሌግራም ራሱ ጄፔግ ያደርገው ነበር። እኔ ግን ጥራት ፈለግኩ። እመቤቷ ውድ ስልክ ነበራት። ምን እንደመጣ ገብቷችኋል። ሄይክ።

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው። ምዝገባው አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል። ኔትወርኩ እየመጣ ይሄዳል። ከኋላዬ ስድስት ሰው ቆሟል፤ አንዱ መኪና ሊያመልጠኝ ነው እያለ ይነተርከኛል። ኔትወርኩ ሲመጣ ፎርሙን ላስገባበት ወይስ የሄይክ መቀየሪያ ፕሮግራም ላውርድበት? ቢሆንም መንገድ ነበረ። ልጅቷን ድጋሚ ላኪ ማለት ይቻል ነበር። ከጎረቤት ሱቅ የተሻለ ኮምፒውተር መዋስ ይቻል ነበር። ዛሬ ሳስበው አምስት መንገድ ነበረ። ያኔ የታየኝ አጭሩ ነው።

ጅራቱን ቀየርኩት።

ፎርሙ ላይ ጫንኩት። አረንጓዴ ምልክት ወጣ፤ «ተሳክቷል» ይላል። እትዬ ዝናሽ ከትከሻዬ በላይ ያያሉ። ማንበብ አይችሉም፤ አረንጓዴውን ግን አይተዋል።

«ገባ?» አሉኝ።

«ገባ።»

«ፊቷም?»

«ፊቷም።»

ፎቶውን አልከፈትኩትም። ኮምፒውተሬ እንደማይከፍተው አውቃለሁ። ከዚያ የመኪናውን ሰውዬ ወረቀት ኮፒ ማድረግ ጀመርኩ።

ስለ ራሴ ማውራት አልወድም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ያደግኩት ጎረቤላ፣ አጎቴ ቤት ነው። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የሚኒስትሪ ፈተና መጣ። ለመመዝገብ ሁለት ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። ፎቶ የምንነሳው የት ነው? በገበያ ቀን ከደብረ ብርሃን አንድ ፎቶ አንሺ መጣ። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቀለ። አንድ ኮት ይዞ ነበር። ሁላችንም በየተራ ለበስነው። እኔ ጋ ሲደርስ በሌላው ልጅ ገላ ሞቆ ነበር። ቀጥ በል አለኝ፤ ቀጥ አልኩ። ፈገግ በል አለኝ፤ ፈገግ አልኩ። ጠቅ አደረገው።

በሳምንቱ ፎቶዎቹን ይዞ ሲመጣ የሁሉም አለ፤ የእኔና ከእኔ በኋላ የነበሩት የለም። ብርሃን ገብቶበት ተቃጥሏል አለን። መምህሩ ያለ ፎቶ አልመዘግብም አለ። አጎቴ እንግዲህ ይበቃሃል አለ። አንድ ዓመት ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ፈለጥኩ። ስለዚያ ዓመት ከዚህ በላይ አልናገርም።

ቆይቶ ደብረ ብርሃን መጣሁ፤ ሥራ ፈለግኩ፤ የቀጠረኝ ያው ፎቶ አንሺ ነው። ፎቶ ማጠብ ያስተማረኝ እሱ ነው። አላወቀኝም። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት የድሮ ሥራውን አነሳ። ገጠር ስሄድ ይላል፣ ፊልሙ የሚይዘው ሠላሳ ስድስት ነው፤ ሠላሳ ሰባተኛው ልጅ ኮቱን ለብሶ ተቀምጦ ሲያየኝ አለቀ ብዬ እንዴት ልመልሰው? ባዶውን ካሜራ ጠቅ አደርግለታለሁ። «ፈገግ ይሉ ነበር እኮ!» አለ። ጓደኞቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ተቀጣሪ ነበርኩ፤ ምን ላድርግ?

ይኸን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። እሱም የዚያን ዕለት ከኋላው ሰው ቆሞበት ነበር ለማለት ነው።

የፈተናው ዕለት ጠዋት እትዬ ዝናሽ ሱቄን ሳልከፍት ደረሱ። ልጄን በር ላይ አቁመውብኛል፣ ወረቀቱን የሞላኸው አንተ ነህ፣ ና አሉኝ። ሄድኩ። የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፤ አልነግራችሁም። የማሠልጠኛው በር ላይ መቶ የሚሆን ወጣት ተሰልፏል። የመግቢያ ወረቀቱን ማሠልጠኛው ራሱ አትሞ እዚያው ጠዋት ነው ያደላቸው። ሁሉም ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዟል። አየሁት። ማየት አልነበረብኝም።

የማሠልጠኛው ማተሚያ ማሽን ታሟል። ሕመሙን አውቀዋለሁ፤ የእኔም ታሞ ያውቃል። ቀለሙን ይደፋዋል። ጽሑፉ ይነበባል፤ ፎቶው ግን ጥቁር ሳጥን ነው። ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው። ከሥር ትንሽ የሸሚዝ ኮሌታ ቢጤ ነጣ ትላለች፤ በቃ። መቶ ወጣት መቶ ጥቁር ሳጥን ይዞ ቆሟል።

የሰላማዊት ሳጥን ነጭ ነው። ጥግ ላይ የተቀደደ ወረቀት የምትመስል ትንሽ ምልክት አለች፤ ፎቶ አልከፈት ሲል የምትመጣዋ። ሌላ ምንም የለም።

ሰላማዊትን በአካል ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፤ የእመቤቷ መሆን አለበት፣ የሰፋት ሹራብ ለብሳለች። ሌሊት ተነስታ በመኪና ነው የመጣችው፤ ፈቃድ የተሰጣት ለአንድ ቀን ብቻ ነው።

ዘበኛው ካፖርት የለበሰ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ይኸን መመስከር አለብኝ። የታዘዘውን ነው የሚሠራው። የታዘዘውም ፎቶ የሌለው አይግባ የሚል ነው።

«አባቴ፣ ይኸው እኔ» ትለዋለች።

«አንቺንማ እያየሁሽ ነው። ፎቶሽ የታለ?»

«የእሱስ የታለ?» አለች፤ አጠገቧ ወደቆመው ልጅ እያሳየች።

ዘበኛው የልጁን ወረቀት ተቀበለ። ጥቁሩን ሳጥን አየ። «ይኸ አለው» አላት። «ጠቆረ እንጂ አለው።»

ሰልፉ ሳቀ። ልጁ ራሱ ወረቀቱን ወደ ላይ አንስቶ እኔ ቀይ ነኝ፣ እዚህ ላይ የከሰል ማዳበሪያ አስመስለውኛል፣ እናቴ እንኳ አታውቀኝም እያለ ይጮኻል። ከኋላ አንዷ፣ ዝም በል፣ እንደውም አምሮብሃል አለችው። ዘበኛው አልሳቀም። ስትቀልዱ ሰዓቱ ይሄዳል፣ የተፈቀደለት ይግባ አለ። ጥቁር ጥቁሩ እየገባ ሄደ።

እኔም ተጠግቼ ለመንኩ። ጉርድ ፎቶ አሁኑኑ አንስቼ ላምጣ፣ እንደ ድሮው ይለጠፍና ማህተም ግማሹ ፎቶው ላይ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ይረፍበት አልኩ። ማህተሙ ያለው ሰውዬ ውስጥ ፈተና ላይ ነው አለኝ። ጥራልኝ አልኩት። በር ትቼ አልሄድም አለ። ፊቷ ይኸው፣ አጠገብህ ቆሟል፣ እየው አልኩት። «ፊቷን ምን አደርገዋለሁ?» አለኝ። «የተባልኩት ፎቶ ነው።»

እኔስ ለስንቱ ሰው ምን ስል ኖሬአለሁ? ያለህ ፎቶ አይሆንም፣ የሚሆነው ሌላ ነው።

እትዬ ዝናሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድሜ፣ ፊቷም ገብቷል ብለኸኝ ነበር» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ሲስተሙ ነው» አልኳቸው።

አያችሁ ይኸን ቃል? ማንም አይከራከረውም። ዝናብ ነው እንደማለት ነው። እትዬ ዝናሽም አልተከራከሩም። ትንሽ አሰቡና «ምን አደረግነው?» አሉኝ።

በሩ ሊዘጋ ነው። ሰልፉ አልቋል። ዘበኛው አንዱን መዝጊያ ገፍቶታል። ሰላማዊት ወረቀቷን ቁልቁል ስታየው ቆየች። አላለቀሰችም። ቀጥላ ወደ እኔ መጣች። «ጋሼ፣ ጥቁር እስክሪብቶ ይኖርዎታል?» አለችኝ።

ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ወረቀቱን ድንጋዩ ላይ አስደግፋ ነጩን ሳጥን ማጥቆር ጀመረች። አልቸኮለችም። ከጥግ ጀምራ መስመር በመስመር፣ አንድ በአንድ። የተቀደደችውን ምልክት ሸፈነቻት። ከሥር ስትደርስ ቆም አለች፤ ትንሽ ነጭ አስቀረች። የሸሚዝ ኮሌታ። ከዚያ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አለችበት፤ በጣቷም ጫፉን ትንሽ አደበዘዘችው፣ ከማሽን የወጣ እንዲመስል።

ወረቀቱን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። ዘበኛው ተቀበላት። ከዓይኑ አራቀው። ወደ ብርሃን ዞሮ አየው። ወረቀቱን አየ፣ ፊቷን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«እህ» አለ። «ይኸው አለ አይደል? ቅድም ለምን ይኸን አታሳዪኝም ነበር? በይ ግቢ፣ ረፍዷል።»

ገባች። እየሮጠች። እስክሪብቶዬንም ይዛው ገባች።

በሩ ተዘጋ። እትዬ ዝናሽ የሆነውን በደንብ አላዩም፤ ከኋላ ነበሩ። ያዩት ልጃቸው እኔ ጋ እንደመጣችና ከኪሴ አንድ ነገር አውጥቼ እንደሰጠኋት፣ ከዚያ በሩ እንደተከፈተላት ነው። መጥተው ሁለቱንም እጄን ያዙኝ። መረቁኝ። ሰው በተሰበሰበበት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ አንተ ባትኖር ልጄን ማን ያስገባልኝ ነበር፣ እጅህ ይባረክ፣ የሠራኸው ሁሉ ይቅናህ አሉ። ያለፈው ያገደመው ቆሞ አሜን ይላል።

እውነቱን ልነግራቸው ነበር። እትዬ፣ ሲስተሙ አይደለም፣ እኔ ነኝ ልላቸው። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን አሜን ነው።